ሊሰጥም የደረሰ መርከብ መሥሪያን መንግሥት እንዴት ያድናል? ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት የሚቆጠረው

መርከብ መሥሪያ ካዝናው ሲራቆት መንግሥት ፊት ይዞት የሚቀርበው ጥያቄ "ስንት ትሰጡናላችሁ?" የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ግቢው ውስጥ የቆመው መርከብ ለማለቅ ስንት ይቀረዋል? ይህን ሳያውቅ ገንዘብ የለቀቀ መንግሥት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስኮትላንድ ከፍላለች፤ ደቡብ ኮሪያም ከፍላለች።

መመሪያው የተጻፈው እንዲህ ያለ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ለሚያርፍበት ሰው ነው፤ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያም ይሁን የልማት ባንክ ብድር ኃላፊ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተደራዳሪ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በሽታውን ይለዩ

ሦስት ዓይነት ሕመም አለ፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። አንደኛው ሥራ ሞልቶ ጥሬ ገንዘብ ማጠር ነው። ሁለተኛው የማይችሉትን ሥራ በማያዋጣ ዋጋ መውሰድ ነው፤ ማሳያው የስኮትላንዱ ፈርጉሰን ነው፣ ከታች ይመጣል። ሦስተኛው ገበያው ራሱ መጥፋቱ ነው።

ለመጀመሪያው ጥሩ ማሳያ በጀርመን ፓፔንቡርግ፣ ኤምስ ወንዝ ዳር ያለው ማየር ቬርፍት ነው። ከ1795 ጀምሮ መርከብ ሲሠራ ኖሮ በ2024 ሲንገዳገድ ለዓመታት የሚበቃ የክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ ትእዛዝ በእጁ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከውሉ ነው። ከኮሮና በፊት የተፈረሙት ውሎች የዋጋ ማስተካከያ አልነበራቸውም፤ ብረትና ኃይል ሲወደድ ጭማሪው በሙሉ ገንቢው ላይ ወደቀ። በዚያ ላይ ገዢው በግንባታው ጊዜ የሚከፍለው 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ 80 በመቶው የሚገባው በርክክብ ቀን ነው።

ይህ በጥሬ ገንዘብ ላይ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። የመርከቡ ዋጋ 500 ሚሊዮን ዩሮ ነው እንበል። በግንባታው ጊዜ 100 ሚሊዮን ይገባል። ወጪው 480 ይሆናል ተብሎ ተገምቶ 560 ደረሰ። በርክክቡ ዋዜማ ገንቢው 460 ሚሊዮን ተበድሯል ማለት ነው። በማግሥቱ 400 ይገባል፤ 60 ሚሊዮኑ የሚከፍለው አጥቶ ይቀራል። እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሉ። 400ው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ የመንግሥት ዋስትና ካለ ባንክ ያበድረዋል። 60ው ግን ኪሳራ ነው፤ ካፒታል ካልገባ አይደፈንም። ብዙ የማዳን ዕቅድ የሚበላሸው ሁለተኛውን ቀዳዳ እንደ መጀመሪያው በብድር ለመድፈን ሲሞከር ነው፤ ወለዱ ተጨምሮበት በሚቀጥለው መርከብ ላይ ይመለሳል።

ጀርመን ሁለቱን ለይታ ነው የሠራችው። የፌዴራል መንግሥቱና የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት እኩል አዋጥተው 400 ሚሊዮን ዩሮ ካፒታል አስገቡና 80 በመቶ ያህሉን አክሲዮን ያዙ፤ ለባንክ ብድሩ ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ዋስትና ሰጡ።

ሦስተኛው ሕመም ከሆነ ግን ማዳን የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የታንከር (የነዳጅ ጫኝ መርከብ) ገበያ ሲወድቅ ስዊድን በ1977 መርከብ መሥሪያዎቿን በአንድ የመንግሥት ኩባንያ ሥር ሰበሰበች። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፤ የኡዴቫላው መሥሪያ ግን በ1986 ተዘጋ። ገዢ በሌለበት ዋስትና መስጠት የመዝጊያውን ቀን ከማራዘም አያልፍም። ማራዘሙ ራሱ ዓላማ ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ጊዜ መግዛት አያሳፍርም። ያኔ ግን በጀቱ "የሽግግር" ተብሎ ይጻፍ፤ "የማነቃቂያ" ተብሎ አይጻፍ።

የ13 ሳምንቱ ሠንጠረዥ

ድርጅቱ ዓመታዊ ዕቅድ ይዞ ይመጣል። እሱን ለጊዜው ያስቀምጡና በየሳምንቱ የተከፋፈለ የ13 ሳምንት የጥሬ ገንዘብ ትንበያ ይጠይቁ። በየሳምንቱ የሚገባው ገንዘብ ከየትኛው መርከብ እንደሆነ፣ የሚወጣው ለማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። በየሰኞው ያለፈው ሳምንት ትንበያና እውነቱ ጎን ለጎን ይቅረብ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ የተሳሳተ የፋይናንስ ክፍል መርከቡን ለመጨረስ ስለሚያስፈልገው ገንዘብ የሚሰጠው ቁጥርም አይታመንም።

በክፍያ ቅደም ተከተል ደመወዝ ቀዳሚ ነው። ቀጥሎ መብራት፣ የእሳት መከላከያና የግንባታ ኢንሹራንስ ይመጣሉ። ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ብየዳ የሚካሄድበት፣ ቀለምና ኬብል የሞላበት መርከብ ያለ ኢንሹራንስ አንድ ሌሊት ማደር የለበትም። ከዚያ ካልተከፈላቸው ሥራውን ቀጥ የሚያደርጉት ይከተላሉ፦ የሞተር አቅራቢው፣ የላሜራ አቅራቢው፣ መርከቡን እየመረመረ ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት። የቆየ የባንክ ዕዳ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። አበዳሪዎቹ እስኪደራደሩ በጽሑፍ ታግሰው ይቆዩ።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይበላሻል። አንደኛው፣ ችግሩ በወሬ እንደወጣ አቅራቢዎች ሁሉ "ቅድሚያ ካልከፈላችሁ" ይላሉ፤ ሠንጠረዡ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ አቅራቢዎች በ30 ቀን ሳይሆን ዕቃውን ባስረከቡበት ቀን እንደሚከፈላቸው አድርገው ያስሉት። ሁለተኛው፣ መጋዘን ያለው ዕቃ ሁሉ የድርጅቱ አይደለም። ብዙ የሽያጭ ውል "እስኪከፈል ድረስ ባለቤትነቱ የሻጩ ነው" ይላል። ኪሳራ የታወጀ ቀን ሻጩ መጥቶ ፓምፑን ጭኖ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በእያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ ላይ የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ ለየትኛው መርከብ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፍ።

የመንግሥት ገንዘብ በአንድ ትልቅ ቋት አይግባ። በየመርከቡ ቁጥር የተለየ ሒሳብ ይከፈትና ከሒሳቡ የሚወጣውን የመንግሥት ተወካይ አብሮ ይፈርም። ባለቤቱ ሌላ አገር ሌላ መሥሪያ ካለው ይህ ግዴታ ነው።

መርከቡ ላይ ይውጡ

የጉዳዩ ዋና ቦታ እዚህ ነው። "መርከቡ 70 በመቶ ደርሷል" ሲባል የምን 70 በመቶ እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱ "የበጀቱ" ከሆነ ምንም አልሰሙም። ገንዘብ 70 በመቶ ወጥቶ ሥራው ግማሽ ላይ ሊሆን ይችላል።

በስኮትላንድ ፖርት ግላስጎ ያለው ፈርጉሰን ማሪን በ2015 ሁለት ፌሪዎችን (ሰውና መኪና የሚያሻግሩ መርከቦችን) በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ቁርጥ ዋጋ ሊሠራ ውል ገባ። ገዢው የመንግሥት ድርጅት ነው። መርከቦቹ በተለመደው ነዳጅም በፈሳሽ ጋዝም የሚሄዱ ናቸው፤ ለአካባቢው አዲስ ቴክኖሎጂ፣ ንድፉም ያልበሰለ። ክፍያው የታሰረው ብረት ተቆረጠ፣ ሞተር ገባ በሚሉ ክንውኖች እንጂ በሥራው ጥራት አልነበረም። የመጀመሪያዋ፣ ግሌን ሳኖክስ፣ በኅዳር 2017 በሥነ ሥርዓት ውሃ ላይ ስትወርድ ከፊት የሚታዩት መስኮቶች መስታወት አልነበራቸውም፤ በጥቁር ቀለም የተሳሉ ነበሩ። ከሩቅ ላየው መርከብ ነው፤ ቀርቦ ላየው የብረት ቅርፊት ነው። ከ97 ሚሊዮኑ ከ80 ሚሊዮን በላይ ተከፍሎ፣ መንግሥት 45 ሚሊዮን ብድር ጨምሮ፣ ድርጅቱ በነሐሴ 2019 ከሰረ፤ በታኅሣሥ የመንግሥት ሆነ። ከዚያም በ2022 ቀድሞ ከተዘረጉት ኬብሎች በመቶ የሚቆጠሩት አጭር ሆነው መሣሪያው ጋ እንደማይደርሱ ተገለጸ። አጭር ኬብል አይቀጠልም፤ ይነቀልና አዲስ ይጎተታል፤ ለዚያም የተዘጋ ጣሪያና ግድግዳ ይከፈታል። በ2018 ትደርሳለች የተባለችው መርከብ የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች የጫነችው በጥር 2025 ነው።

ስለዚህ ቆጠራው እንዲህ ይሠራ። መርከቡን በክፍል ይከፋፍሉት፦ ሞተር ክፍል፣ የመኪና ወለል፣ የመንገደኛ ክፍሎች፣ የመሪው ክፍል። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ይቁጠሩ፦ ንድፉ በገዢውና በደረጃ ሰጪው ድርጅት ጸድቋል? ቧንቧው ተገጥሞ በግፊት ተፈትሿል? ኬብሉ ተዘርግቶ በሁለቱም ጫፍ ታስሯል? ክፍሉ ተመርምሮ በፊርማ ተዘግቷል? "ተዘርግቷል" እና "ታስሯል" የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ፤ የፈርጉሰን ኬብሎች ሁሉ "ተዘርግቷል" የሚለውን ያለፉ ነበሩ። ቆጠራውን ድርጅቱ ያልቀጠረው የመርከብ መሐንዲስ ከፎርማኑ ጋር እየዞረ ያድርገው። መካከለኛ መጠን ላለው መርከብ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይመድቡለት፤ ሚኒስትሩ በሦስት ቀን ይፈልገዋል፣ አይስጡት።

ንድፍ ያልጸደቀላቸው ክፍሎች ከበዙ ሥራውን በዚያ በኩል ያስቁሙት። ሠራተኛ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ ባልጸደቀ ንድፍ መበየድ ሁለት ጊዜ መበየድ ነው።

ሒሳብ ክፍሉንም በዚሁ ዓይን ይዩት። በኮሪያ የዴዉ መርከብ መሥሪያ የተገለጠው የሒሳብ ማጭበርበር የተሠራው በአንዲት ቀላል ዘዴ ነበር። ቀሪውን ወጪ ዝቅ አድርገው ሲገምቱ የተሠራው ሥራ መቶኛ ከፍ ይላል፤ ያልተገኘ ገቢም እንደተገኘ ይመዘገባል። የመንግሥት ባንኮች በ2015 ወደ 4.2 ትሪሊዮን ወን የሚጠጋ ድጋፍ ወሰኑለት። በ2017 ሌላ 2.9 ትሪሊዮን አዲስ ገንዘብ አስፈለገ፤ ከዕዳውም ብዙው ወደ አክሲዮን ተቀየረ።

የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ

የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና። በአገራችን በሕንፃና በመንገድ ሥራ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። መርከብ ገዢ ቅድሚያ ሲከፍል፣ ገንቢው ቢወድቅ ገንዘቡን የሚመልስለት ባንክ ይፈልጋል። የታመመ መሥሪያ የሚሞተው እዚህ ነው፤ ባንክ ዋስትናውን ካልሰጠ አዲስ ትእዛዝ አይፈረምም፤ ትእዛዝ ከሌለ ደግሞ ባንኩ አይሰጥም። መንግሥት ጣልቃ ቢገባ አነስተኛ ገንዘብ ብዙ ሥራ የሚሠራበት ቦታም ይኸው ነው፤ የፈረመው ገንዘብ የሚወጣው ገንቢው ከወደቀ ብቻ ነውና። ሁለት ቅድመ ሁኔታ ይኑር፦ ባንኩ ቢያንስ 20 በመቶውን አደጋ ራሱ ይሸከም፤ ዋስትናውም ለተቆጠረ መርከብ እንጂ ለድርጅቱ በጥቅሉ አይሰጥ። በክሮኤሺያ ፑላ ያለው ኡልያኒክ በ2019 ሲከስር የመንግሥት ዋስትናዎቹ ተጠርተው ሕዝብ ከፈለ፤ መርከቦቹም በብዛት አልደረሱም። በፈርጉሰን ደግሞ ገዢው ሙሉ ዋስትና ሳያገኝ ነበር ውሉ የተፈረመው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ሥራ የጠማው ገንቢና የፖለቲካ ቀን የደረሰበት ገዢ ሲገናኙ ይህን አንቀጽ ይዘሉታል።

ካፒታል። ለኪሳራው ቀዳዳ ብቻ። ሲገቡ ያለፈው ባለቤት ድርሻ ይቀንስ፤ የጀርመኑ ቤተሰብ ወደ 20 በመቶ ግድም ወርዷል። መቆጣጠሪያ ቦርድ ይቋቋም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም አገር ውስጥ ይመለስ፤ ማየር ከሉክሰምበርግ እንዲመለስ ተደርጓል። የቀድሞው ባለቤት መልሶ የመግዛት መብት ቢሰጠው ክፋት የለውም፤ ዋጋው ግን መንግሥት ካስገባው ገንዘብና ከወለዱ በታች መሆን የለበትም።

የመንግሥት ትእዛዝ። የባሕር ኃይል መርከብ፣ የጥበቃ ጀልባ፣ ፌሪ። ፖለቲከኛ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ነው፤ ሪባን ይቆረጥበታላ። ትእዛዙ የሚያድነው ግን መሥሪያው ከዚህ በፊት ከሠራው ጋር ሲቀራረብ ነው። አዲስ ዓይነት ሞተር፣ አዲስ ነዳጅ፣ አዲስ መጠን በአንድ ጊዜ ለደከመ መሥሪያ መስጠት ከሆስፒታል ለወጣ ሰው ጆንያ ማሸከም ነው።

እምቢ ማለት። ይህም መሣሪያ ነው። በ2024 ሐምሌ የብሪታኒያ መንግሥት ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ የጠየቀውን 200 ሚሊዮን ፓውንድ የብድር ዋስትና ከለከለ። ኩባንያው በመስከረም ከሰረ። ሆኖም በእጁ የባሕር ኃይል አቅርቦት መርከቦች ሥራ ስለነበር የስፔኑ ናቫንቲያ በጥር 2025 አራቱንም መሥሪያዎች ገዛ፤ ወደ 1000 የሚጠጋ ሥራ ተረፈ። መንግሥትም የመርከቦቹን ውል አሻሽሎ አገዘ። ገንዘቡ ወደ አሮጌው ዕዳ ሳይሄድ ወደ አዲሱ ባለቤት ሥራ ሄደ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን ገዢ ሊስብ የሚችል ውል ካለ ብቻ ነው።

ሥራን ማዳን ማለት ማንን?

"የ3000 ሰው ሥራ" ሲባል ዝርዝሩን ይጠይቁ። በመርከብ መሥሪያ ቋሚ ሠራተኛ፣ የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኛና ከአቅራቢ ድርጅት የመጣ ሠራተኛ አብረው ይሠራሉ። የመንግሥት ስምምነት የሚፈረመው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው፤ የሚቀነሱት ሁለተኛዎቹ ናቸው። በዴዉ ኦክፖ መሥሪያ በ2022 የሆነው ይህ ነው። የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች በመጥፎዎቹ ዓመታት የተወሰደባቸው 30 በመቶ ደመወዝ ይመለስልን ብለው ለ51 ቀን ሥራ አቆሙ። አንዱ የብየዳ ሠራተኛ አንድ ሜትር ኩብ በሆነ የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ራሱን በየደበት፤ ለአንድ ወር ገደማ እግሩን ሳይዘረጋ ኖረ። ያ ሁሉ ትሪሊዮን የገባበት መሥሪያ ዶኩ (መርከብ የሚሠራበት ገንዳ) ላይ የነበረው መርከብ ውሃ ላይ መውረድ ተሳነው። በ4.5 በመቶ ጭማሪ ተስማሙ። የማዳን ስምምነቱ ውስጥ የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ አንቀጽ ቢኖር ወጪው ከዚያ መዘግየት ያነሰ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ የእጅ ሙያ ነው። የበያጅ የብቃት ማረጋገጫ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በየስድስት ወሩ ሰውየው እየበየደ መሆኑ ካልተረጋገጠ ይወድቃል። ስለዚህ "ሥራው እስኪመጣ ለዓመት ቤታቸው ይቆዩ" የሚለው ዕቅድ ዓመቱ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት የሌለው በያጅ ይመልሳል፤ ጥሩዎቹ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ አይቆዩም። ይልቅ የሥራ ሰዓት መቀነስ ይሻላል። በጀርመን ሰዓቱ ለተቀነሰበት ሠራተኛ መንግሥት ካጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን ይተካል፤ ልጅ ላለው 67 በመቶውን። በሳምንት ሁለት ቀን የሚበይድ ሰው ማረጋገጫው አይወድቅበትም። መቀነስ ግድ ከሆነም ቁጥሩ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ይወሰን፤ በማየር 440 ሊቀነስ ታስቦ 340 ላይ ተስማምተዋል። ተለማማጆችን ግን አይንኩ። የተለማማጅ ቅበላ ለሦስት ዓመት የተዘጋበት መሥሪያ ጉዳቱን የሚያየው ሽማግሌዎቹ ጡረታ ሲወጡ ነው።

መሥሪያው ሲከፋፈልም ሥራ ይተርፋል። የምሥራቅ ጀርመኑ ኤምቪ ቬርፍተን በጥር 2022 ሲከስር ሠራተኞቹ ወደ ሽግግር ድርጅት ገቡ፤ እዚያ እስከ 12 ወር ክፍያና ሥልጠና ያገኛሉ። ቪስማር ላይ ያለውን ቲሰንክሩፕ ለባሕር ኃይል ሥራ ገዛው፤ ሮስቶክ ያለውን መከላከያ ወሰደው፤ ስትራልዙንድን ከተማው ራሱ። ሳታልቅ የቀረችውን ግዙፍ መርከብ ዲዝኒ ገዝቶ አስጨረሳት።

የሕግ ሰዓት

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆኑ የነፍስ አድን ድጋፍ ስድስት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማሻሻያ ዕቅድ ማቅረብ ወይም መመለስ ነው። ትልቅ ድርጅት የማሻሻያውን ወጪ ግማሽ ያህል ከራሱ ወይም ከባለሀብት ማምጣት አለበት፤ አንድ ጊዜ የተደገፈ ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና አይደገፍም። በመጀመሪያው ወር ትንሽ ብድር ሰጥቶ "ቀሪውን በኋላ እናያለን" ማለት ብቸኛውን ዕድል ማቃጠል ነው። ፖላንድ ይህን በጊዲኒያና በሽቼቺን አይታለች፤ በ2008 ድጋፉ ሕገ ወጥ ተባለ፣ ንብረታቸው እየተከፋፈለ በጨረታ ተሸጠ።

መውጫው በመግቢያው ቀን ይጻፍ

የኮሪያ ልማት ባንክ ዴዉን የያዘው በ2000 ግድም ነው፤ የለቀቀው በግንቦት 2023 ነው። በመካከሉ ሃንዋ የተባለው ቡድን በ2008 ግማሽ ያህሉን አክሲዮን በ6 ትሪሊዮን ወን አካባቢ ሊገዛ ተስማምቶ ፈረሰ። ተወዳዳሪው መርከብ ሠሪ ሃንዳይ ሊጠቀልለው ሲል የአውሮፓ ኅብረት በጥር 2022 ከለከለ፤ የሁለቱ ድርሻ በፈሳሽ ጋዝ መርከብ ገበያ ከ60 በመቶ ያላነሰ ነበርና። በመጨረሻ ያው ሃንዋ 49.3 በመቶውን በ2 ትሪሊዮን ወሰደው። ስለዚህ ውሉ ላይ መውጫ ዓመት፣ ዝቅተኛ ዋጋና ገዢ ሊሆኑ የማይችሉት ተወዳዳሪዎች ዝርዝር ይኑር። የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር አንድ የውድድር ሕግ ባለሙያ በአንድ ሳምንት ያዘጋጀዋል፤ ኮሪያ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል።

የመዝጊያ ስሌትም ጎን ለጎን ይሠራ፤ ለድርድሩ መነሻ ነው። እዚያ ላይ ክሬንና ዶክን በመዝገብ ዋጋቸው አይያዙ። በማልሞ የቆመው የኮኩምስ ክሬን 1500 ቶን ያነሳ ነበር፤ ከከተማው ሁሉ ይታያል። መሥሪያው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ሃንዳይ በአንድ ዶላር ገዛው፤ የመንቀያውንና የማጓጓዣውን ወጪ ራሱ ችሎ በ2002 ወደ ኡልሳን ወሰደው። በስሌትዎ ውስጥ ለክሬኑ የሚጽፉት ቁጥር እንግዲህ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሲደመር የብረቱ ቁርጥራጭ ዋጋ፣ ሲቀነስ መንቀያው።